መመሳሰል መዛመድ ነውን? የሃይሩል ነገዶችን አመጣጥ በሚመለከቱ የተጫዋቾች መላምቶች ላይ የቀረበ ምልከታ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቾች ስለ ሃይሩል ነገዶች አመጣጥ የሰነዘሯቸውን መላምቶች ይመረምራል። የሚያነሣቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፦ የሪቶና የዞራ ዝምድና፣ የጌሩዶዎች ጆሮና ቀይ ጠጉር፣ እንዲሁም የዞናይ ፍርስራሽ። መላምቶቹ የሚጠነክሩት ማስረጃን ከማስረጃ ጋር ሲያገናዝቡ ነው፤ የሚላሉት ደግሞ መመሳሰልን ብቻ ይዘው የሥጋ ዝምድና ሲያውጁ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መግቢያ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ የመጀመሪያውን ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ያወጣው በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በወጡት ጨዋታዎች ሃይሩል የተባለችው ምናባዊ አገር ብዙ ነገዶችን አፍርታለች። በውኃ የሚኖሩት ዞራዎች፣ ድንጋይ የሚመገቡት ጎሮኖች፣ የበረሃዎቹ ጌሩዶዎች፣ ክንፋሞቹ ሪቶዎች የየራሳቸው መልክ፣ ቤትና ዜማ አላቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸው መነሻቸውን የሚናገር የተሟላ ታሪክ ነው።

በ2011 በጃፓን የታተመው ሃይሩል ሂስቶሪያ የተሰኘው መጽሐፍ ጨዋታዎቹን በአንድ የዘመን ሐረግ አሰልፏል። በዚህ መሠረት በ1998 ከወጣው ኦካሪና ኦፍ ታይም በኋላ ታሪኩ በሦስት ቅርንጫፍ ይከፈላል። መጽሐፉ ግን የሰበሰበው ለጊዜው እውነት ተብሎ የሚታመነውን ብቻ እንደሆነና ያልተፈቱ ምስጢሮች እንዳሉ አልሸሸገም። ተጫዋቾች ፍርስራሽ እየለኩ፣ ስም እየመረመሩ፣ ምስል ከምስል እያስተያዩ የሚከራከሩት በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ሥራቸው የታሪክ ተመራማሪን ሥራ ይመስላል፤ በታሪክ ተመራማሪ ዐይን ሊመዘንም ይገባዋል።

2. ሪቶና ዞራ፦ ውኃ በበዛበት ዘመን ወፍ መሆን

በ2002 መጨረሻ በወጣው ዘ ዊንድ ዌከር አማልክቱ የሃይሩልን ጠላት ጋኖንን ለመቅበር ሃይሩልን በጎርፍ አስጥመዋታል፤ ከባሕሩ በላይ የቀሩት ተራሮች ደሴት ሆነዋል። ከነዚህ በአንዱ የምትኖረው መድሊ የተባለች የሪቶ ልጅ በገና ትደረድራለች። በጨዋታው ጉዞ የጥንቷ ዞራ የላሩቶ መንፈስ ይገለጣል፤ መድሊም የዚያች ዞራ ተወላጅ መሆኗ ይታወቃል። የወፎቹ ነገድ ከዓሣዎቹ ነገድ መውጣቱን የሚናገረው ጨዋታው ራሱ ነው።

እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ይነሣል። ዓለሙ ባሕር በሆነበት ሰዓት ዋናተኛ ሕዝብ እንዴት ክንፍ ያወጣል? በተጫዋቾች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው መልስ እንዲህ ይላል፦ ጎርፉ የመጣው መንግሥቱን ከነምስጢሩ ለመቅበር ስለሆነ፣ ወደ ጥልቁ ሊወርድ የሚችል ነገድ መኖር የአማልክቱን ማኅተም ያስደፍራል፤ ስለዚህ ዞራዎች ከውኃ ተነሥተው ወደ ሰማይ እንዲዞሩ ተደረገ። የዚህ መላምት ጥንካሬ ሌላም ነገር አብሮ ማብራራቱ ነው። የሪቶ ልጅ ክንፍ ይዞ አይወለድም፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ቫሉ ወደተባለው ዘንዶ ወጥቶ ከገላው ቅርፊት ይቀበላል፣ ክንፍ የሚያወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ክንፉ በስጦታ የመጣ መሆኑ፣ ለውጡ ከላይ የታዘዘ ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር ይገጥማል።

ይሁንና በ2017 የወጣው ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ሪቶንና ዞራን በአንድ ዘመን ጎን ለጎን አኖራቸው። አንዳንዶች የተለወጠው ከፊሉ ዞራ ብቻ ነበር አሉ። ሌሎች የዘመን ቅርንጫፎቹ ተመልሰው ተገናኙ አሉ። ሦስተኛው ወገን የአዲሱ ጨዋታ ሪቶዎች በስም ብቻ የሚገናኙ ሌላ ሕዝብ ናቸው ይላል። በዘ ዊንድ ዌከር ሪቶ የሰው ፊትና ምንቃር መሰል አፍንጫ አለው፤ በ2017ቱ ግን መላ አካሉ በላባ የተሸፈነ ወፍ ነው። ሦስተኛው መላምት ዐይን የሚያየውን ልዩነት ስለሚያከብር ይማርካል። ነገር ግን በዚሁ ጨዋታ የሪቶዎቹ ግዙፍ የማሽን አውሬ ሜዶ መባሉ የመድሊን ስም፣ የዞራዎቹ ሩታ መባሉ የኦካሪና ኦፍ ታይሟን ልዕልት ሩቶን ያስታውሳል። የመድሊ ስም የሚታወስ ከሆነ፣ መነሻቸውን ከዘ ዊንድ ዌከር ሪቶዎች ፈጽሞ መቁረጥ ያስቸግራል። በእኔ እይታ ከሦስቱ የመጀመሪያው ብዙ ማስረጃ ይሸከማል፤ ሁለቱን ስሞችና የሁለቱን ነገድ ህልውና በአንድነት የሚያስተናግድ እርሱ ነውና።

3. ጌሩዶ፦ ጆሮና ጠጉር

ጌሩዶዎች ከሞላ ጎደል ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ወንድ የሚወለድላቸው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ነው ይባላል። በኦካሪና ኦፍ ታይም ጆሯቸው ክብ ነበር፤ በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ሾሏል። የሃይሩል ዋና ነዋሪ የሆነው የሃይሊያን ሕዝብ ረጅም ጆሮ የአማልክትን ድምፅ ለመስማት ነው ስለሚባል፣ ከፊሉ ተጫዋች ለውጡን ጌሩዶዎች ከአማልክት ጋር የመታረቃቸው ምልክት አድርጎ ያነበዋል። ሌላው ወገን ነገዱ የሚዋለደው ከሃይሊያን ወንዶች ጋር በመሆኑ ጆሮው በጋብቻ የመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳምናል፤ መንገዱ በራሱ በነገዱ አኗኗር ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና።

የቀይ ጠጉሩ ጉዳይ ግን ሌላ ትምህርት ያዘለ ነው። በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የሚታየው ጥንታዊ የግድግዳ ጨርቅ ከ10,000 ዓመት በፊት ጋኖንን የተዋጋውን ጀግና በቀይ ጠጉር ይሥለዋል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ጀግናው ጌሩዶ ነበር ብለው ደመደሙ። በ2023 በወጣው ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም 152ቱን መቅደሶች የጨረሰ ተጫዋች የዚያን ጀግና ገጽታ የሚያላብስ ሽልማት ያገኛል። የሚታየውም ጆሮው የረዘመ፣ ገጹ ከሰው ይልቅ ቀጥለን ለምናየው ለዞናይ ነገድ የቀረበ ባለቀይ ጠጉር ጀግና ነው። ቀለሙን በትክክል አይተው ነበር፤ ከቀለሙ ወደ ዘሩ የሚያሻግር ድልድይ ግን አልነበራቸውም።

4. ዞናይ፦ ፍርስራሽን ማንበብ

በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ደቡባዊ ጫካ፣ በፋሮን፣ ዝናብ የማያቋርጥበት ቦታ አለ። ሐረግ የጠመጠማቸው ድንጋዮች ላይ የዘንዶ፣ የጉጉትና የከርከሮ ራስ ተቀርጿል፤ ጠመዝማዛ መስመሮችም ግድግዳውን ይሞላሉ። የሚናገር ነዋሪ የለም። መግቢያና መውጫቸው በሚያሳስት ሦስት ግዙፍ የግንብ እንቆቅልሾች ውስጥ የሚገኘው ልብስም የፋሮን ጥንታዊ ጦረኛ ነገድ እንደነበር መግለጫው ይናገራል። የነገዱ ስም በጃፓንኛ ዞናው ሲሆን፣ ምስጢር ማለት የሆነውን ናዞ የሚለውን ቃል ገልብጦ የተሠራ ነው። አዘጋጆቹ ክፍተቱን ከስሙ ጀምረው አስበውበታል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ተጫዋቾች ይህን ነገድ በጫካ የሚኖር፣ ፊቱን በጦር ቀለም የሚቀባ አረመኔ አድርገው ሣሉት። አንዳንዶችም ትዋይላይት ፕሪንሰስ በተባለው የተከታታዩ ጨዋታ ወደ ጨለማ ዓለም ከተሰደዱት አስማተኞች ጋር አዛመዱት። ከዚያ ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም መጣ። ዞናይ ከሰማይ የወረዱ፣ ረቂቅ መሣሪያ የሠሩ ሆነው ተገኙ፤ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ራውሩም የሃይሊያኗን ሶኒያን አግብቶ መንግሥት መሠረተ። አረመኔነቱ የተነበበው ከፍርስራሹ ዙሪያ ካለው ጫካና ከጦር ልብሱ ነበር እንጂ ከድንጋዩ ጥበብ አልነበረም።

ይህ ስሕተት በገሐዱ ዓለምም ብዙ ጉዳት አድርሷል። ጀርመናዊው ካርል ማውክ በ1871 ታላቁ ዚምባብዌ የተባለውን የአፍሪካ ጥንታዊ የግንብ ፍርስራሽ ሲያይ ግንቡን ከንግሥተ ሳባ ጋር አያያዘው፤ የአካባቢው ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ ይችላል ብሎ ማመን የተሳናቸው ብዙዎች ተከተሉት። ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር በ1905፣ ጌርትሩድ ኬቶን ቶምሰን ደግሞ በ1929 ቆፍረው ግንቡ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አሳዩ። ንግሥተ ሳባን በክብር የምናወሳ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልናስተውል ይገባል፤ የእርሷ ስም የሌላውን አፍሪካዊ ሥራ ለመንጠቅ አገልግሏል። በዚምባብዌ ግንበኛው ከሥራው ተነጠለ፤ በሃይሩል ሥራው ከነጥበቡ ተረስቶ ግንበኛው አረመኔ ተባለ። ሁለቱም የመጡት ግንቡ ሳይመረመር ስለ ግንበኛው ከተፈረደ ፍርድ ነው።

5. መደምደሚያ

ከሦስቱ ጉዳዮች አንድ መለኪያ ይወጣል። መላምት ሲቀርብ ሁለቱ ነገሮች በምን መንገድ ተገናኙ ብለን እንጠይቅ። ለጌሩዶ ጆሮ መንገዱ ጋብቻ ነው፤ ለመድሊ የላሩቶ ምስክርነት ነው። ለጀግናው ቀይ ጠጉር ግን መንገድ አልቀረበም፤ ለዞናይ አረመኔነትም እንዲሁ። አዘጋጆቹ በኋላ አፈረሷቸውም አላፈረሷቸውም፣ እነዚህ ሁለቱ ከመነሻቸው ደካማ ነበሩ።

ስለዚህ የተጫዋቾቹን ክርክር የልጅ ነገር ብሎ መናቅ ትክክል አይደለም። በአንድ የተሣለ ጨርቅ ፊት ቆሞ ስለ ጠጉር ቀለም የሚከራከር ወጣት የሰው ልጅ ስለ ዘሩ ሲያስብ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው። በሃይሩል ቢሳሳት ማንንም አይጎዳም፤ ስሕተቱን የሚያርም ጨዋታም ይወጣለታል። በእውነተኛ ሕዝቦች ላይ ግን እንዲህ ያለ ማረሚያ በቀላሉ አይገኝም፤ ለታላቁ ዚምባብዌ ግንበኞች ከማውክ እስከ ኬቶን ቶምሰን 58 ዓመት ፈጅቷል። መመሳሰልን ከመዛመድ መለየት በጨዋታ ቢለመድ፣ ከጨዋታ ውጭ የሚተርፈው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።