የአልቡዌራ እልከኞች

ተማሪዎቼ እልከኝነትን ባጠቃላይ ሲያወግዙ ወይም ሲያሞግሱ ስሰማ፣ እንግሊዞች ከአቋሙ ንቅንቅ የማይል ሰው የሚጠሩበትን «ዳይሃርድ» የሚለውን ስም ታሪክ እተርክላቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1811 የእንግሊዝ 57ኛ እግረኛ ሬጅመንት በስፔኗ አልቡዌራ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ተናነቀ። አዛዡ ኮሎኔል ዊልያም ኢንግሊስ በመድፍ አረር አንገታቸውን ተመትተው ወደቁ። ከጦር ሜዳው ሊያወጧቸው ሲሉ እምቢ አሉ፤ ከሰንደቁ አጠገብ እንደተጋደሙ ወታደሮቻቸው ሕይወታቸውን በርካሽ እንዳይሰጡ «ዳይ ሃርድ!» እያሉ ጮኸው አደፋፈሩ ይባላል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፤ መስመሩ ግን አልተፈታም። ሬጅመንቱም በዚያው ጩኸት ተሰየመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ ስሙ የእንግሊዝ ፓርላማ ገባ። የሎርዶች ምክር ቤት ሕግ የማገድ ሥልጣኑን የሚቀንሰው ረቂቅ ሲቀርብ፣ የ87 ዓመቱ ሎርድ ሃልስበሪ የመሯቸው መኳንንት አሻፈረን አሉ፤ እነሱም «ዳይሃርድ» ተባሉ። 131 ለ114 ተሸነፉ።

ስማቸው አንድ ቢሆንም በእኔ ሚዛን እኩል አይደሉም። የአልቡዌራዎቹ ለጓዶቻቸው ጸኑ፤ ሎርዶቹ ግን በዘር ለወረሱት ሥልጣን ገተሩ። ጽናትን ከግትርነት የሚለየው የቆሙለት ዓላማ ነው ብዬ አምናለሁ።