እህልን ከነቀዝ የጠበቁ አመድና አፈር



ልጆቻችን ስለ ኢትዮጵያ ኑሯችን ሲጠይቁን ስለ መንገዱ መከራና ስለ ኢየሩሳሌም ናፍቆት እንነግራቸዋለን። ስለ ጎተራው ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ በጎተራው እህል ላይ ይጨመር የነበረው አመድ ረጅም ታሪክ ያለው ዕውቀት ስለሆነ በዚህ እትም ልናነሣው ወደድን።

እንደሚታወቀው ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት አልነበራቸውም። ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ የሰው መሬት አርሰውም ከምርቱ ለባለርስቱ ያካፍሉ ነበር። ስለዚህ የተረፈችውን እህል ነቀዝ ከበላት ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው መኸር ይቸገራል። እንስቷ ነቀዝ ፍሬውን በስታ ዕንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፤ ትሉም ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና የመሰለው እህል ባዶ ገለባ ሆኖ ይገኛል።

መከላከያው በየቤቱ ነበር። እህሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ጎተራው በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ ከዚያም የተነፋ የምድጃ አመድ ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። በቆሎውን ወይም ማሽላውን ከጤፍ ጋር የሚደባልቁም ነበሩ፤ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። እህሉ ለምግብ ሲፈለግ በወንፊት መንፋት ብቻ ነው።

ይኸው ሥራ በታልሙድም ውስጥ ይገኛል። ሻባት በሚባለው ክፍል፣ በቅጠል 31፣ በአንድ ኮር እህል ውስጥ አንድ ቃብ «ሑምጦን» የሚደባልቅ ሰው ሊሰጋ እንደማይገባው ተጽፏል። በ11ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የኖሩት ሊቅ ራሺ ሑምጦን እህልን ከትል የሚጠብቅ ጨዋማ አፈር መሆኑን አስረድተዋል። አንድ ኮር 180 ቃብ ስለሆነ፣ ለ180 እጅ እህል አንድ እጅ አፈር ማለት ነው። ሊቃውንቱም አፈሩ ስንዴውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ፈሪሃ እግዚአብሔርም ትምህርትን ይጠብቃል ሲሉ ለምሳሌ ተጠቅመውበታል። ታልሙድ ያልደረሳቸው እናቶቻችን በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰዋል።

ምክንያቱን የዛሬ ሳይንስ ገልጦታል። የነቀዝ ገላ በስስ ሰም የተሸፈነ ነው፤ ይህም ሰም የሰውነቱ ውሃ እንዳይተን ይጠብቃል። ደቃቅ ደረቅ ዱቄት ሲነካው ሰሙን ይመጥጠዋል፣ ይፍቀዋልም፤ ነቀዙ ደርቆ ይሞታል። እህሉ ርጥበት ካለው ግን ዱቄቱ ኃይሉን ያጣል። እናቶቻችን አስቀድመው እህሉን ፀሐይ ላይ ማስጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬ በብዙ አገሮች ዳያቶማይት የተባለ ነጭ ዱቄት ለአንድ ቶን እህል አንድ ኪሎ ያህል ይጨመራል። ይህ ዱቄት በጥንታዊ ሐይቆች ሥር የተከማቸ የደቃቅ የውሃ አልጌዎች ቅሪት ሲሆን በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም ይገኛል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናትም ከኢትዮጵያ ፋብሪካዎች በተረፈ ምርትነት የሚወጡ ዱቄቶች በስንዴ ላይ ነቀዝን እንደሚገድሉ አሳይቷል።

ከተማችን ፔታሕ ቲክቫ በ1878 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ መንደር ሆና የተቆረቆረች ብትሆንም ዛሬ እህላችን ከሱቅ በከረጢት ይመጣል። ነቀዝ ግን አልቀረም፤ ሕጋችንም ተባይ መብላትን ይከለክላል። ስለዚህ ዱቄትና ጤፍ በደረቅ፣ በሚገባ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ፤ መንፋትም አይቅር። ለእህል የሚሆነው የጋዝ ክኒን ሰው ስለሚገድል በፍጹም ቤት አይግባ። የማዕድን ዱቄትም ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ከልጆች ይራቅ።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ሑምጦን የተማሩ እንደሆነ፣ ቤት ሲገቡ አያታቸውን ይጠይቁ። አያታቸው ስሙን ላያውቁት ይችላሉ፤ ሥራውን ግን በእጃቸው ሠርተውታል።