«ሲቪል» የተሰኘው ቃል ምንጭና ትርጉም

«ሲቪል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአማርኛም ከተለመደ ቆይቷል። የጦር ልብሱን አውልቆ የወጣ ወታደር «ሲቪል ለበሰ» ይባላል፤ መንገድ፣ ድልድይና ግድብ የሚሠራውም ባለሙያ «ሲቪል መሐንዲስ» ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነትም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ሰውን በትሕትና የሚያነጋግር ጨዋም በዚሁ ቅጽል ይገለጻሉ። እነዚህ ፍቺዎች የማይዛመዱ ቢመስሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

ግንዱ ላቲን ነው። «ኪዊስ» ዜጋ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው «ኪዊሊስ» የዜጋ የሆነ፣ ለዜጋ የሚገባ ማለት ነው። ሮማውያን ለዜጎቻቸው የደነገጉትን ሕግም ሆነ ዜጋ በዜጋ ላይ የሚያነሣውን ጦርነት በዚህ ቅጽል ጠርተዋል። ቃሉ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ ቀስ በቀስም ሥርዓት ያለውን ሰው ጠባይ፣ በኋላም የቤተ ክህነት ወይም የጦር ሠራዊት ያልሆነውን ሁሉ የሚያመለክት ሆነ።

ከመሐንዲስ ስም ጋር የተጣመረው በዚህ በመጨረሻው ትርጉሙ ነው። የአማርኛው «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፣ ሥሩ ልኬትን የሚያመለክት የፋርስ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ኤንጂኒር» ግን ተፈጥሯዊ ብልሃትን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ይወለዳል፤ በመካከለኛው ዘመን ቅጥር ማፍረሻ መሣሪያዎች በዚሁ ቃል ይጠሩ ስለ ነበር፣ ኤንጂኒር ማለት በመጀመሪያ ምሽግ የሚሠራና የሚያፈርስ የጦር ሰው ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት ግን በብሪታንያ ቦዮች፣ ወደቦችና ወፍጮዎች የሚሠሩ፣ የጦር ሰው ያልሆኑ ባለሙያዎች በዙ። ከእነዚህ አንዱ ጆን ስሚተን ነው። በ1755 እ.ኤ.አ. በእሳት በጠፋው በኤዲስቶን የመርከብ መሪ መብራት ምትክ፣ ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ማማ ሠርቶ በ1759 ፈጸመ፤ በውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራም መርምሮ በሥራው ላይ አዋለ። ራሱን «ሲቪል መሐንዲስ» ብሎ የጠራው ስሚተን፣ በ1771 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በለንደን የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረተ።

ስሙ ያን ጊዜ ድንጋይና አፈርን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ስሚተን ራሱ የውኃና የነፋስ ወፍጮዎችን በሙከራ ያጠና፣ የእንፋሎት ሞተርም ያሻሻለ ሰው ነበር፤ ጄምስ ዋትም በኋላ የማኅበሩ አባል ሆኗል። በ1818 የተቋቋመው የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም በ1828 የንጉሥ ቻርተር ሲሰጠው፣ ሙያው የተፈጥሮን ታላላቅ የኃይል ምንጮች ለሰው ጥቅም የመምራት ጥበብ መሆኑ ተመለከተ። የመካኒካል መሐንዲሶች በ1847፣ የቴሌግራፍ መሐንዲሶችም በ1871 የየራሳቸውን ማኅበር ሲያቆሙ፣ «ሲቪል» የሚለው ስም እየጠበበ በግንባታ ሥራ ዙሪያ ጸና።

ከዚህ ለመገንዘብ እንደሚቻለው፣ ቅጽሉ በመነሻው ሙያው በምን ቁስ እንደሚሠራ ሳይሆን ለማን እንደሚሠራ የሚናገር ነበር። ስለዚህ የኤሌክትሪክም ሆነ የመካኒክ መሐንዲስ የዚህ ስም ባለርስት ነው። ኮንክሪት የሚያፈስሰውም ቢሆን ስሙን በሙሉ ትርጉሙ የሚሸከመው፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ዜጋ አስቦ ሲሠራ ነው።