ሦስተኛው ፋይል፦ የጀብዱ ጌሞች፣ የድሮ የአማርኛ ሰነዶችና የሮተንበርግ ስሕተት

ጄፍ ሮተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት፣ ኋላም በ1999 ባወጣው ዘገባ፣ ዲጂታል ሰነድ ከተሠራበት ፕሮግራም ተነጥሎ በቅጡ አይነበብም ሲል ተከራከረ። አስተማማኙ መንገድ አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ማስመሰል ነው አለ። ዴቪድ ቢርማን በዚያው በ1999 ነቅፎታል፤ ትችቱ ግን በመዛግብት አያያዝ ላይ ያተኮረ ስለሆነ እዚህ አያቆየንም። የእኔ ሙግት የሚነሣው ምሁራን ማስረጃ ብለው ከማይቆጥሩት ነገር፣ ከጌም ነው።

የእንግሊዙ ሬቮሉሽን ኩባንያ «ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ» የተባለውን የጀብዱ ጌም በ1994 አወጣ፤ በ2003 ደግሞ ማንም በነፃ እንዲጫወተው ፈቀደ። ኮምቦልቻ ውስጥ በምሠራበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዶስ ለተባለው የድሮ ሥርዓት የተጻፈውን የጌሙን ፕሮግራም ብነካው ዊንዶውስ አልቀበልም አለ፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም አያስኬድምና። ሁለት መውጫ አለ። ዶስቦክስ ፕሮሰሰሩንም የድምፅ ካርዱንም አስመስሎ አሮጌውን ማሽን ሙሉ በሙሉ ይተውናል፤ የሮተንበርግ መንገድ ይህ ነው። በ2001 የተጀመረው ስከምቪኤም ግን ማሽን አያስመስልም። የጌሙን ዳታ ራሱ አንብቦ፣ የቀድሞው ፕሮግራም ይሠራው የነበረውን በራሱ ኮድ ይሠራል።

ፎልደሩን ከፍተን እንየው። «ስካይ.ዲኤንአር» ማውጫ ነው፤ ምን የት እንዳለ ይናገራል። «ስካይ.ዲኤስኬ» ጎተራው ነው፤ ሥዕሉም ድምፁም ንግግሩም እዚያ ተከማችቷል። ሦስተኛው «ስካይ.ሲፒቲ» ግን በ1994ቱ ዲስክ ላይ አልነበረም። የጌሙ ገጸ ባሕርያትና ዕቃዎች መረጃ በዋናው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር፣ የስከምቪኤም ሠሪዎች ከዚያ አውጥተው ለብቻው ፋይል አደረጉት። ሆን ብዬ ይህን ፋይል ከፎልደሩ አወጣሁት፤ ጌሙ አልነሣ አለ። መለስኩት፤ ተነሣ።

የሮተንበርግ ምሰሶ የሚነቃነቀው እዚህ ላይ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የተቀበረ ዕውቀት መኖሩን በትክክል አይቷል፤ የማይነጠል መስሎት ግን ማሽኑን በሙሉ ሊያሸክመን ፈለገ። ከጎተራው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነው ፋይል መነጠል እንደሚቻል ያሳያል። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። የጌም ኩባንያው የኢንፎኮም ሰዎች ከ1979 ጀምሮ ጌሞቻቸውን የጻፉት በሐሳብ ብቻ ላለ ማሽን ነበር፤ ለየኮምፒውተሩ ዓይነት አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ከተጻፈ ጌሙ ሳይነካ ይሄዳል። ስከምቪኤም ስሙን የወረሰው የእነ ሮን ጊልበርት የ1987 ሥርዓትም በዚሁ መንገድ የቆመ ነው። ሁለቱም ከሮተንበርግ ጽሑፍ በፊት ገበያ ላይ ነበሩ።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት የግዕዝ ፊደል በ256 ቦታ ታጭቆ ይቀመጥ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ኳና ቧ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለ፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመ፤ ሁሉም ለየራሱ። ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ለግዕዝ 345 ቦታ ሲሰጥ የወደፊቱን ጽሑፍ አዳነ፤ የኋላውን ግን አልነካውም። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ ፋይል ዛሬ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ምልክት ግርግር ነው። ዳታው አልጠፋም፤ የጠፋው ሦስተኛው ፋይል፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው።

ስከምቪኤም የሚያውቃቸውን ጌሞች ብቻ ያስኬዳል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ላልታወቁት፣ ሠንጠረዣቸው እስኪጻፍ፣ ዶስቦክስ ያቆይልን። የቀድሞው መልክና ስሜት ይቀራል ለሚሉ ደግሞ፣ የድሮውን ባለ ሆድ ስክሪን ዶስቦክስም አይመልስም።

በአንድ ጌም ላይ የቆመ መደምደሚያ በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት አልዘነጋም። ያም ሆኖ ማሽንን ብቻ ማመን እንደማያዋጣ አይተናል፦ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ማሽን ተጭኖ ይሄዳል፤ ሠንጠረዥ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ አይቻለሁ፤ ጸሐፊዋ ፊደል ሲጠፋት ቀና ብላ የምታየው ነው። ልገለብጠው ስጠጋ የታችኛው ጠርዙ ተቀዷል። ከፀ በታች ያሉት፣ ፈና ፐ፣ የሉም። «እነሱን በእጄ አውቃቸዋለሁ» አለችኝ፤ አንድ በአንድ እየነካች አጻፈችኝ።