«እባቡ በገበሬው ተገደለ»፦ የፈተና እንግሊዝኛ ከየት መጣብን?

ከእናንተ መካከል አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ «ገበሬው እባቡን ገደለው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወደ ፓሲቭ ቮይስ ያልለወጠ ይኖራል ብዬ አላምንም። እባቡ በገበሬው ተገደለ። ነገም ተነገ ወዲያም ሲገደል ኖረ። እኔ በበኩሌ ያንን ምስኪን እባብ ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንት ጊዜ እንዳስገደልኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ማትሪክንም ያለፍኩት በእርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። እንደ ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «አም አይ ኦል ሴት?» አለኝ። «ሴት» የሚለውን ቃል አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ኢሬጉላር ቨርብ ነው፣ ሦስቱም ቅርጹ አንድ ነው። ሰውየው ምን እንደፈለገ ግን ሊገባኝ አልቻለም። እሱ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ፣ ከኋላው የተሰለፉት መኪናዎች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። «ጨረስኩ ወይ? ልሂድ ወይ?» ማለቱ እንደነበረ የነገረኝ እዚያው ቀድሞ የገባ አንድ የአገሬ ልጅ ነው።

እንግዲህ ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሰው ሲያናግረው ግን የሚደነግጠውን ይህን እንግሊዝኛ ከየት አመጣነው? ጥያቄውን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ መንገዱ የወሰደኝ ወደ ሕንድ አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1835 ቶማስ ማኮሌይ የተባለ የእንግሊዝ ባለሥልጣን ካልካታ ላይ ተቀምጦ፣ ለትምህርት የተመደበው የመንግሥት ገንዘብ ለሳንስክሪትና ለዐረብኛ ሳይሆን ለእንግሊዝኛ ይዋል የሚል ዝነኛ ጽሑፍ አቀረበ። አገረ ገዥው ቤንቲንክም ተቀበለው። በ1844 ደግሞ ሌላው አገረ ገዥ ሃርዲንጅ በመንግሥት ሥራ ቅድሚያ የሚሰጠው እንግሊዝኛ ለተማሩ ሕንዶች እንዲሆን አዘዘ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ ዕውቀት መሆኑ ቀርቶ እንጀራ ሆነ።

የላይኞቹ ሹመቶች እስከዚያን ጊዜ ድረስ የሚታደሉት በዝምድናና በትውውቅ ነበር፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዳይሬክተሮች የሚወዱትን ይሾሙ ነበር። በ1853 የወጣው ሕግ ይህን አስቀርቶ ውድድሩን ለሁሉም ከፈተው፤ የመጀመሪያውም የውድድር ፈተና በ1855 ለንደን ላይ ተሰጠ። አማላጅ ከመፈለግ መፈተን ይሻላልና ይህን ማንም አስተዋይ ሰው አይነቅፈውም። ነገሩ ያለው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። ነጥቡን የደለደለው ኮሚቴ ሰብሳቢ ያው ማኮሌይ ሲሆን፣ ለላቲንና ለግሪክኛ ለእያንዳንዳቸው 750 ነጥብ ሰጥቶ ለሳንስክሪትና ለዐረብኛ ለእያንዳንዳቸው 375 ሰጠ። ልብ በሉ፣ ፈተናው ሕንድን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚመረጡበት ነው!

የፈተናው ቦታም ለንደን ነው። አንድ የካልካታ ወጣት ለመወዳደር ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ተቀምጦ፣ በሰው ቋንቋ መፈተን ነበረበት። የመጀመሪያው ሕንዳዊ ያለፈው በ1863 ነው፤ የታላቁ ባለቅኔ የራቢንድራናት ታጎር ታላቅ ወንድም ሳትየንድራናት። በ1878 የዕድሜው ጣሪያ ወደ 19 ዓመት ዝቅ ተደረገ፤ ይህም ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር ላልጠባ ልጅ በሩን መዝጋት ማለት ነበር። ሕንዶቹ ፈተናው በአገራችን ይሰጠን ብለው ሲጮኹ ኖረው የተፈቀደላቸው በ1922 ነው።

ይህ ለጥቂቶች ነው። ለብዙኃኑ ደግሞ በ1857 የካልካታ፣ የቦምቤይና የማድራስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቆሙ የመግቢያ ፈተናቸው ለተማሪውም ለመንግሥት ጸሐፊውም የኑሮ በር ሆነ። አሁን እባቡ ወደሚገደልበት ቦታ ደረስን። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት የሚያርም ሰው የተማሪውን አነጋገር ሊሰማ አይችልም፤ ሐሳቡን ለመመዘንም ጊዜ የለውም። ትክክል ወይም ስሕተት ብሎ በአንድ ጭረት የሚያልፈው ጥያቄ ያስፈልገዋል። ፓሲቭ ቮይስ፣ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ስፒች፣ ባዶ ቦታው ላይ ፕሪፖዚሽን መሙላት ለዚህ ተፈጠሩ ቢባል ያምርባቸዋል። ተማሪውም ብልህ ነው፤ የሚጠየቀውን ያጠናል።

ጥናቱ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ከመጽሐፎቹም ሁሉ የገነነው በ1930ዎቹ የወጣውና በደራሲዎቹ ስም «ሬን ኤንድ ማርቲን» እየተባለ የሚጠራው የግራመር መጽሐፍ ነው። እየታደሰ እስከ ዛሬ ይታተማል። ሬን የሚባሉት ሰውዬ ቦምቤይ ውስጥ የትምህርት ሹም የነበሩ ሲሆን፣ በሌላው ዓለም የሚታወቁት ስለ ፈረንሳይ የባዕዳን ጦር በጻፉት «ቦ ጄስት» በተባለው ልብ ወለዳቸው ነው። የጀብዱ ጸሐፊ የነበረ ሰው ስንቱን የሕንድ ልጅ በኮማና በፕሪፖዚሽን ሲያሠቃይ መኖሩ ይገርማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛም ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት የተማረ ሰው ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ባቡሩም የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ከ1941 ነፃነት በኋላ ግን ፈረንሳይኛ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ሲበዛ መምህር ጠፋ። በ1962 ከመጡት ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች አስቀድሞ፣ ከእነርሱም በኋላ፣ በየክፍለ ሀገሩ ገብተው ያስተማሩን ሕንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የኬረላ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ እነዚህ መምህራን ራሳቸው ያለፉት በዚያ ፈተና ነው። ያለፉበትን አስተማሩን። የእኛ መምህር ያንኑ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ይገቡና ኖራው እስኪያልቅ ሰሌዳ ይሞላሉ። አነጋገራቸው መጀመሪያ ባይገባንም፣ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ያስጠኑን እንደነበር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

በእኛ ክፍል በሒሳብ የሚደርስበት ያልነበረ አንድ ልጅ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ በትሕትና እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ማትሪክ ላይ እንግሊዝኛ ጣለው። ያኔ እንግሊዝኛ የወደቀ ሰው ዩኒቨርሲቲ አይታሰብም። የውጤቱ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን ደጋግሞ ሲያነብ አየሁት፤ ከዚያ ዞር ብሎ ሄደ። ከእርሱ በሒሳብ የምናንስ እኛ አዲስ አበባ ገባን።

ሕንዶቹ ራሳቸው ክርክሩን አላቆሙም። ከ1979 ወዲህ የመንግሥት ሥራ ውድድራቸውን በየቋንቋቸው ጽፈው መፈተን ተፈቅዶላቸዋል። በ2014 ደግሞ ማጣሪያው የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ያደላል ብለው ወጣቶች ዴልሂ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ መንግሥትም የእንግሊዝኛው ጥያቄ ነጥብ ለማጣሪያው እንዳይቆጠር አደረገ። ከማኮሌይ 179 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ አሜሪካ ለትምህርት የመጣነውን የጠበቀን ቶፍል ነበር። መጀመሪያ የተሰጠው በ1964 ነው። ከ1976 ጀምሮ ማዳመጥ፣ ግራመር፣ ንባብና ቮካቡላሪ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ ከአራቱ አንዱን መርጦ በእርሳስ ማጥቆር ነው። አንድም ቃል ሳይናገሩ እንግሊዝኛ ይችላል መባል ይቻል ነበር። ስንቶቻችን ነን የቃላት ዝርዝር በኪሳችን ይዘን አውቶቡስ ውስጥ ስናነበንብ የከረምነው? ከዚያ በ1995 ለብቻው የቆመው የቮካቡላሪ ጥያቄ ተነሣ። በ2005 በኢንተርኔት ሲሰጥ የግራመሩ ክፍል ራሱ ቀረና በምትኩ መናገር ገባ። ስሰማው ሳቅሁ፣ ትንሽም ተናደድኩ።

አገር ቤት ማትሪክ በስሙ ቀርቷል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግን እንግሊዝኛውን ይዞ አለ። በ2022 ከተፈተኑት መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ ሰው የለም። ምክንያቱ ቋንቋው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

ያንን የሒሳብ ጓደኛዬን ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ አገኘሁት። ወፍጮ ቤት አለው፤ የሞተሩን ነዳጅ በኪሎ እህል አስልቶ ሲነግረኝ ወረቀት እንዳልያዘ ገባኝ። የልጅ ልጁ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። «ጥሩ የግራመር መጽሐፍ ካገኘህ ላክለት» አለኝ።

«ልጁ እንግሊዝኛ ይናገራል?» አልኩት።

«ፈተናው መናገር መች ይጠይቃል!» አለና ሳቀ።

በሣምንቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ሁለት መጽሐፍ ላክሁለት። አንዱን ከመላኬ በፊት ገለጥ አድርጌ ነበር። እባቡ አሁንም እዚያው አለ።