የመኪና ቅጽል ስሞች (ኢትዮጵያ)

በታክሲ ተራና በጎዳና ተወልደው ከፋብሪካው ስም ይልቅ በሰው አፍ የጸኑ የጨዋታ ስሞች። ከሁሉ የሚጣፍጠው «ውይይት» ነው፦ ከኋላው ትይዩ አግዳሚ ወንበሮች የተገጠሙለት አነስተኛ ታክሲ። ተሳፋሪዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ፊት ለፊት ስለሚተያዩ የደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ታዳሚ ይመስላሉ፤ ከስብሰባ ያመለጠ ሰው እንኳ ወደ ቤቱ ሲሄድ «ውይይት» ላይ መቀመጡ አይቀርም። «ዶልፊን» በቅርጹ የተሰየመ የቶዮታ ሚኒባስ ነው። «ቅጥቅጥ» ደግሞ አካሉ አገር ውስጥ በቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶቡስ ሲሆን፣ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ስሙ ለተሳፋሪውም ይሠራል። ቀልዱ የሚመረው አይሱዙ ላይ ነው፤ በሚያደርሰው አደጋ የተነሳ ይህ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ተብሏል።