«ለመደ» የሚለው ቃል በዳሞት አገር

እንግሊዞች «አዳፕት» የሚሉት ግስ ከላቲን ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን፣ መነሻ ትርጓሜው አንዱን ነገር ለሌላው ልክ አድርጎ መግጠም ማለት ነው። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ በየመሥሪያ ቤቱ አንዱ ጸሐፊ «መላመድ»፣ ሌላው «ማላመድ»፣ ሦስተኛውም «መጣጣም» እያለ ይጽፋል፤ አንባቢም ሁሉን እንደ አንድ ቆጥሮ ያልፋል። እኛ ግን ቃላቱ ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ አንድ አለመሆናቸውን፣ ይልቁንም የለውጡን ሸክም ማን እንደሚሸከም የሚለዩ መሆናቸውን ለማስረዳት እንወዳለን። ለዚህም ምስክር ይሆነን ዘንድ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን፣ የቀድሞውንም የዳሞት አገር መርጠናል።

«ለመደ» በግእዝም በአማርኛም ያለ ጥንታዊ ግስ ነው። በዕብራይስጥ ቋንቋ ዘመዱ የሆነው ቃል «ተማረ» ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ልማድ፣ ልምድ፣ ለማዳና ተለማማጅ የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ግንድ በቅለዋል። የለመደ ሰው ለውጡን በራሱ ጊዜ የተቀበለ ነው። «ተላመዱ» ለማለት ግን የግድ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን አይላመድምና። ከእነዚህ ጎን የሚቆም ሌላ ግስ አለ፤ እርሱም «ገራ» ነው። የጎጃም ገበሬ ወይፈኑን ከሸመገለ በሬ ጋራ ጠምዶ ይገራዋል፤ የሚገራው ወይፈን ፈቃዱን አይጠየቅም። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ብዙ ክረምት ካረሱ በኋላ ግን ተላመዱ ይባላል።

የዳሞት ገበሬ አዲስ ነገር የማይለምድ ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ይህ ግን ከማሳው ጋራ አይስማማም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በስፋት የሚመረቱት በቆሎና በርበሬ ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በቆሎ በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» መባሉ እንግድነቱን ያስታውሳል። በባኮ የምርምር ጣቢያ ተዳቅሎ በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው ቢ ኤች 660 የተባለው ምርጥ ዘርም በምዕራብ ጎጃም በቶሎ ተስፋፍቷል። (በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከእኛ ጋራ ኖሮ እስከ ዛሬ የእንግዳ ስሙን አልጣለም፤ ቋንቋ አንዱን በቶሎ ያላምዳል፣ ሌላውን በደጅ ያቆያል።) ፍኖተ ሰላምም ብትሆን ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ አዲሱን ስም ለመጥራት ዛሬ የሚቸገር የለም።

ታዲያ ይኸው ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ስለ ምን ጠመንጃ አነሣ? በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ አሥራትን የሚሽርና ግብሩን በገቢ መጠን የሚደለድል ስለ ነበረ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የጎጃም ሰው መሬቱን በቃላድ አስለክቶ መገበርን ከቀድሞ ጀምሮ አልተቀበለም ነበር። ርስቱም የአንድ ሰው ሳይሆን ከአቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ በየትውልዳቸው የሚካፈሉት ነበረ። ስለዚህ ገቢውን ሊገምት የመጣውን ሰው ባየ ጊዜ ከኋላው ቃላድ ታየው፤ ከቃላዱም ኋላ የርስቱ መነጠቅ። ያንን ፍርሃት ቁጭ ብሎ የሰማው ሹም ጥቂት ነው። በሞጣና በዳሞት ዐመፁ በረታ፤ ጦር ዘመተ፤ አውሮፕላንም በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ማሩ። የዘመኑ ባለ ሥልጣኖች «ሕዝቡ ቀስ በቀስ ይለምደዋል» ብለው አስበው ይሆናል፤ የሠሩት ሥራ ግን መግራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ያስደንቃል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ የተዋጉለት ርስት ራሱ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ብዙ ገበሬ ከያዘው ተቀነሰበት፤ አቤቱታውም እስከ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህ በኋላ በ1990ዎቹ ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት በተጀመረ ጊዜ፣ አያቶቹ ለቃላድ አንገዛም ያሉበት አገር ገበሬ ማሳውን አስመዘገበ። ድንበሩን የሚያመለክቱትም ከየቀበሌው በራሱ የተመረጡ ጎረቤቶቹ ነበሩ።

ገበሬው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ ተገራ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም። የተለወጠው ገበሬው ብቻ አይደለምና፤ ልኬቱም ተለውጧል። የ1960 ዓ.ም. ቆጠራ ግብር ወስዶ የሚሄድ ነበር፤ የኋለኛው ግን በገበሬው እጅ ወረቀት ትቶ ሄደ። ያም ወረቀት ነገ ሌላ ድልድል ቢመጣ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው ነው፤ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይገኛል።